ጓዙን በጀርባው የተሸከመ እንግዳና የግፍ መታሰቢያ ቦታዎች

ንግድ ማለት ዕቃ ከውጭ አገር አስመጥቶ መሸጥ ወይም ቡናና ሰሊጥ ወደ ውጭ መላክ ብቻ አይደለም። ከሩቅ አገር የመጣ መንገደኛ በአገራችን አድሮ፥ በልቶና ጠጥቶ የሚከፍለው ገንዘብ፥ ጆንያ ሳይሰፋና ካሚዮን ሳይጫን ወደ ውጭ እንደ ተላከ ሸቀጥ ዋጋ የሚቈጠር ነው። ነገር ግን ከነጋዴዎቻችን መካከል መንገደኛውን በልብሱ እየመዘኑ፥ በግል መኪና የመጣውን «ጌታ»፥ ጓዙን በጀርባው ተሸክሞ በአውቶቡስ የመጣውን ደግሞ «ድኻ» የሚሉ አይጠፉም። ይህ አስተያየት ለንግዳችንም ሆነ ለክብራችን የማይበጅ ስለ ሆነ ጥቂት ልንነጋገርበት ይገባል።

ንፋስ መውጫ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር አልፎ በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከጎንደር ወይም ከባሕር ዳር ወደ ላሊበላ በየብስ የሚሄድ እንግዳ በደጃችን ያልፋል። ባለጸጋው ቁርሱን ባሕር ዳር፥ እራቱን ላሊበላ ስለሚበላ፥ ለከተማችን የሚተርፋት የመኪናው ጥሩንባ ብቻ ነው። ገንዘቡን ቈጥቦ የሚጓዘው ግን አውቶቡሱ ሲቆም ወርዶ ሻይና ዳቦ ይገዛል፤ ከመሸበት በርካሽ አልጋ ያድራል፤ የጋይንት ብርድ ሲጠናበትም ጋቢ ይገዛል። የሚያወጣው ጥቂት ቢሆንም በቀጥታ ለባለ ሻይ ቤቷ፥ ለባለ አልጋውና ለባለ ሱቁ ስለሚደርስ እዚሁ ይቀራል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት የእንግዳው ቍጥር እንዴት እንደ ተመናመነ እያንዳንዱ ነጋዴ ከመሳቢያው ያውቀዋል። ይህን የምንጽፈውም ሰላም ሲጸና ለሚመጣው ጊዜ ከወዲሁ እንድንሰናዳ ነው።

እንዲህ ያለው እንግዳ ቤተ መንግሥትና ቤተ መቅደስ አይቶ ብቻ አይመለስም፤ ሕዝብ ያለቀሰበትንም ቦታ ማየት ይሻል። አገራችን ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ አላነሣትም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ የተፈጀው ሕዝብ፥ በኢትዮጵያ መንግሥት ቈጠራ 30,000 ነው፤ መታሰቢያውም በስድስት ኪሎ ቆሟል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጄኔራል ማሌቲ ወታደሮች ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ ለሮማ ያስታወቀው ከ129 ዲያቆናት ጋራ 449 ሲሆን፥ በኋላ የመረመሩት የታሪክ ሰዎች ግን ከሺሕ በላይ እንደ ሆኑ ጽፈዋል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በዘረት ዋሻ የተሸሸጉ ሴቶች፥ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ሳይቀሩ በመርዝ ጋዝና በጥይት አለቁ። የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየምም በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ ተከፍቷል።

ዘርን የማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ1941 ዓ.ም. ከሁሉ በፊት ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችንም በፖለቲካ ምክንያት የሚፈጁትን ወገኖች ጨምሮ ስለ ነበር፥ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የተፈረደባቸው በዚሁ ወንጀል ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላት አገር የግፍ ቦታዎቿን በምን ሥርዐት ለእንግዳ እንደምታሳይ ማሰብ ይገባታል።

ስለ ዋጋ አንዳንዶች «ቦታው ጠባቂና ጥገና ያስፈልገዋልና በር ላይ ይከፈል» ይላሉ። ወጪ መኖሩ እውነት ነው። ሆኖም ሩዋንዳን እንመልከት። በ1986 ዓ.ም. ከተፈጸመው እልቂት በኋላ በኪጋሊ በተሠራው መታሰቢያ ከ250,000 በላይ ሙታን አርፈዋል፤ መግቢያው ግን በነጻ ነው፤ የወደደ መዋጮ ይሰጣል። ይህ አሠራር ነጋዴውን አይጐዳውም፤ እንግዳው ለአልጋ፥ ለምግብ፥ ለመኪናና ለአስጐብኚ መክፈሉ አይቀርምና። በር ላይ የሚጠየቅ ብር ግን አስቀድሞ የሚመልሰው የራሳችንን ድኻ ተማሪ ነው። ስለዚህ የአልጋና የእንጀራ ዋጋ መቀበል ተገቢ ሥራ ሲሆን፥ የመቃብር ዋጋ መቀበል ግን ነውር ነው እንላለን።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው የራሳችን ቍስል ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ በሕወሓት ታጣቂዎች ተይዛ በነበረችባቸው ቀናት በሴቶች ላይ የተፈጸመውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ለዓለም አስታውቋል። ያ ገና ሙዚየም የሚገባ ታሪክ አይደለም፤ የተበደሉት ጎረቤቶቻችንና ደንበኞቻችን ናቸው። እንግዳ ስለ ነገሩ ቢጠይቅ የታወቀውን በአጭሩ መንገር ይበቃል። ወደ ሰው ቤት እየመሩ ለማሳየት ዋጋ መቀበል ግን በደሉን መድገም ነው፤ የተበደለው ሰው ራሱ ሊናገር ካልወደደ በቀር ማንም ስለ እርሱ ሊናገር አይገባውም።

እንግዲህ ነጋዴዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እናሳስባለን። አንደኛ፥ የአልጋና የምግብ ዋጋ ለአገር ሰውም ሆነ ለውጭ ሰው አንድ ሆኖ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ቈጥቦ የሚጓዝ ሰው የተታለለበትን ከተማ ለጓደኞቹ ሳይነግር አይቀርምና። ሁለተኛ፥ የጣሊያንን ዘመን ያዩ ሽማግሌዎች ጥቂት ስለ ቀሩ፥ እነርሱም ሆኑ ከአባቶቻቸው የሰሙ ልጆቻቸው የሚያውቁትን መምህራን እንዲጽፉት ነጋዴው የወረቀቱንና የሕትመቱን ወጪ ይቻል። ሦስተኛ፥ ሸቀጥ ለመግዛት ወደ መርካቶ የሚወርድ ነጋዴ በጐጃም በኩል ቢሄድ በደብረ ሊባኖስ መገንጠያ፥ በደሴ በኩል ቢሄድም ዲያቆናቱ በተረሸኑበት በደብረ ብርሃን አካባቢ ማለፉ ስለማይቀር፥ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ልጁን ይዞ አንድ ቀን ይቁም። ከሩቅ አገር ጓዙን ተሸክሞ የሚመጣው እንግዳ የሚያየውን እኛ ደጁን እያለፍን ሳናየው ልንቀር አይገባንም።