አድራሻ ከቀኝ ይነበባል

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሚሆንበት ሰሞን፣ በእስቴ ወረዳ መካነ ኢየሱስ ከተማ እንደ ኮምፒውተር ቤት ሥራ የሚበዛበት ቦታ የለም። ተፈታኙ መለያ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ይሰለፋል። ስልክ ያለው ደግሞ በቴሌግራም የተላከለትን ሊንክ ይነካና ስሙንና ቁጥሩን ይሞላል። ሊንኩ የማን እንደሆነ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስልክ መነካካቱን ልጆቻችን ማንም ሳያስተምራቸው ችለውታል፤ አድራሻ ማንበብን ግን ማስተማር የእኛ ፋንታ ነበር።

ነገሩ ከባድ አይደለም። ኢንተርኔት ላይ መሣሪያዎች የሚፈላለጉት አይፒ አድራሻ በሚባል ቁጥር ነው። ነባሩ አይፒ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ሲኖሩት እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። ሁሉም ተሰልተው 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻ ቢወጣቸው ነው፤ ይህ ለዓለም ሕዝብ አንድ አንድ እንኳ አይዳረስም። ስለዚህ የኮምፒውተር ቤቱ ራውተር ለውስጥ ማሽኖቹ በ192.168 የሚጀምር ቁጥር ያድልና ሁሉንም በአንድ የውጭ አድራሻ ያስወጣቸዋል። ያው የውስጥ ቁጥር ደብረ ታቦርም አዲስ አበባም በየቤቱ ሞልቷል፤ ከግቢ ውጭ ግን አይሠራም።

ቁጥር መሸምደድ ለሰው ስለማይመች ዲኤንኤስ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የነደፈው ይህ ሥርዓት፣ የምንጽፈውን ስም ወደ ቁጥር ይመልስልናል። የስም ችግሩ ደግሞ መመሳሰሉ ነው። የእኛ ከተማ ለዚህ ምስክር ናት፤ ራቅ ብሎ ላለ ሰው «መካነ ኢየሱስ» ሲባል ቶሎ የሚመጣለት የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያኗ ስም ነው። «የእስቴዋን ነው የምልህ» ካላልነው አንግባባም። ዲኤንኤስም ሞክሼዎችን የሚለየው እንዲሁ በባለቤታቸው ነው፤ የበላዩን ባለቤት የሚያስቀምጠው ግን በቀኝ ጫፍ ነው። ዶት ኢቲ በ1988 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሆኖ ተመዘገበ። ከሥሩ ጎቭ ዶት ኢቲ ለመንግሥት፣ ኢዲዩ ዶት ኢቲ ለትምህርት ተቋማት ተመድበዋል።

አጭበርባሪ የሚጫወተው በግራ በኩል ነው፤ እዚያ ያሻውን ቢጽፍ ከልካይ የለውም። «ኢትዮቴሌኮም ዶት ኢቲ ዶት እንቶኔ ዶት ኮም» የሚል ሊንክ ቢደርሳችሁ፣ ላኪው እንቶኔ እንጂ ኢትዮ ቴሌኮም አይደለም። ከኤችቲቲፒኤስ ቀጥለው የሚመጡትን ሁለት ዘንባላ መስመሮች እለፉና የሚቀጥለውን ዘንባላ መስመር ፈልጉ፤ ከእሱ ወደ ግራ እየተመለሳችሁ አንብቡ። መጀመሪያ የምታገኟቸው ሁለት ሦስት ቃላት ባለቤቱን ይነግሯችኋል። በአንዳንድ ማሰሻ ከአድራሻው ጎን የምትታየው የቁልፍ ምልክት አታዘናጋችሁ፤ መልእክቱን በመንገድ ላይ ሌላ ሰው እንዳያነበው ትጠብቃለች እንጂ ተቀባዩ ሌባ አለመሆኑን አትመሰክርም።

ኔትወርኩ ራሱ እየጠፋ ስለ አድራሻ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል አይጠፋም። እውነት አለው፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ነገር ግን ሰው ያገኘውን ሊንክ ሳያይ የሚነካው ኔትወርክ ብርቅ ሲሆንበት ነው። ደቂቃ ሳይቆይ ይቋረጣል ብሎ የሚጣደፍ ሰው አድራሻ አያጣራም።

ልጆቹን ብቻ መውቀስም አይገባም። ማስታወቂያውን በፌስቡክ ገጽ ብቻ የሚለጥፍ፣ በማኅተም በወጣ ደብዳቤው ላይ የጂሜይል አድራሻ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ስንት አለ! ያንኑ ስምና ዓርማ ለጥፎ ሌላ ገጽ ለመክፈት ደቂቃዎች ይበቃሉ። መሥሪያ ቤቱ በጎቭ ዶት ኢቲ የሚያልቅ አድራሻ ከሌለው፣ ማንበብ የተማረው ልጅስ እውነተኛውን በምን ይለየዋል?

ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች የራሳቸውን የዶት ኢቲ አድራሻ ይያዙ፤ በበራቸው ሰሌዳና በደብዳቤያቸው ራስጌም ይጻፉት። የአይቲ መምህራን ደግሞ ላንና ዋን የሚባሉትን የኔትወርክ ዓይነቶች ከማሸምደዳቸው በፊት ተማሪው እውነተኛውን ሊንክ ከሐሰተኛው እንዲለይ ያለማምዱት። ለዚህ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል፤ ኮምፒውተርም መብራትም ባይኖር በጠመኔና በሰሌዳ ይሆናል።