የመንደርደሪያው ቁጥር ምን ይላል?

የበረራ ሥልጠና ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው በሰማይ ላይ የሚያጋጥመውን አደጋ ነው። ሆኖም የግል አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት የሚማር ሠልጣኝ ከሚሳሳትባቸው ቦታዎች አንዱ ጠፍጣፋውና ቀጥ ያለው የአስፋልት ሜዳ፣ ማለትም መንደርደሪያው ነው። በእኛ እምነት ከእነዚህ ስህተቶች ብዙዎቹ የእጅ ድክመት ውጤቶች አይደሉም፤ ምልክትን በቃል ይዞ ትርጉሙን አለመመርመር የሚያመጣቸው ናቸው። ጉዳዩ የአብራሪዎች ብቻ ሳይሆን የተማሪዎች ሁሉ ነው የምንለውም ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንመልከት። በመንደርደሪያ ጫፍ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር በዘፈቀደ የተሰጠ መጠሪያ አይደለም። አውሮፕላኑ በዚያ በኩል ሲንደረደር የሚያመራበት አቅጣጫ ከማግኔታዊ ሰሜን ተነሥቶ በዲግሪ ተለክቶ፣ ወደ ቅርቡ አሥር ተጠጋግቶ፣ የመጨረሻው ዜሮ ተትቶ የሚገኝ ልኬት ነው። የአዲስ አበባ ቦሌ መንደርደሪያዎች በአንዱ ጫፍ 07፣ በሌላው 25 የተባሉት አንደኛው ወደ 70፣ ሌላው ወደ 250 ዲግሪ ገደማ ስለሚያመለክቱ ነው። ስለዚህ ሠልጣኙ ከመነሣቱ በፊት ኮምፓሱን ከቁጥሩ ጋር ቢያስተያይ ቦታውን ለማረጋገጥ ጥቂት ሰከንዶች ይበቁታል። ትይዩ የሆኑ ሁለት መንደርደሪያዎችን ግን ኮምፓስ አይለያቸውም፤ እዚያ ግራና ቀኝ የሚለውን ምልክት ማንበብ ግድ ይላል። አንድ መሣሪያ የሚለካውን ማወቅ የማይለካውንም ማወቅን ይጨምራልና።

«ይህ የጀማሪ ጉድለት ነው፤ ልምድ ያስተካክለዋል» የሚሉ አይጠፉም። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 27 ቀን 2006 በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ ሌክሲንግተን ከተማ፣ የኮምኤር በረራ 5191 ንጋት ሳይቀድ እንዲነሣ የተፈቀደለት ከመንደርደሪያ 22 ነበር። ልምድ ያላቸው አብራሪዎቹ ግን 26 በተባለው ላይ ተሰልፈው ተንደረደሩ። የመጀመሪያው 2,100 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው የሁለተኛው ግማሹ ብቻ ነበር። አውሮፕላኑ አስፋልቱ አልቆበት ተከሰከሰ፤ ከ50 ሰዎች 49 ሞቱ። በሁለቱ መንደርደሪያዎች መካከል የ40 ዲግሪ ያህል የአቅጣጫ ልዩነት አለ፤ መሣሪያዎቹም ይህን ያሳዩ ነበር። ልምድ እንግዲህ ዓይን ያየውን ሳይሆን ልብ የጠበቀውን እንድናይ ሊያደርገን ይችላል።

ሁለተኛው ስህተት የሚመነጨው ከቃል ድግግሞሽ ነው። ተቆጣጣሪው «ከመንደርደሪያው በፊት ቁም» ሲል ሠልጣኙ ትእዛዙን ቃል በቃል ይመልሳል፤ ጎማው ግን መስመሩን አልፎ ሊሄድ ይችላል። መስመሩ አራት ቢጫ ሰረዞች አሉት፤ ሁለቱ ያልተቆራረጡ፣ ሁለቱ የተቆራረጡ ናቸው። ያልተቆራረጡት በሠልጣኙ በኩል ከሆኑ ማማው ሳይፈቅድ ማለፍ አይቻልም። የተቆራረጡት በእርሱ በኩል ከሆኑ ግን ያለው መንደርደሪያው ላይ ስለሆነ አልፎ መውጣት አለበት። ይህን ያልተረዳ ሰው ትእዛዙን አሳምሮ ቢደግመውም ሌላ አውሮፕላን በሚያርፍበት መንገድ ላይ ይገኛል።

ሦስተኛው የፍጥነት ጉዳይ ነው። የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ከሚገባው 10 በመቶ ፈጥኖ የሚያርፍ ሠልጣኝ 21 በመቶ ትርፍ ጉልበት ይዞ ይመጣል፤ ይህንንም ፍሬኑና የአየሩ መጎተት ሊጨርሱት ይገባል። በአገራችን ደጋ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ነው፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍግታ፣ በመደበኛው ስሌት፣ በባሕር ወለል ካለው 79 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ የሚያነበው የአየሩን ግፊት ስለሆነ፣ መለኪያው 60 ኖት ሲያሳይ አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ የሚሄደው በ67 ኖት ገደማ ነው። ነፋስ በሌለበት ቀን ጉልበቱ ከባሕር ወለሉ 26 በመቶ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ምክንያቱን ያልተማረ ሠልጣኝ መሬቱ ሲፈጥንበት ደንግጦ ከሚገባው በላይ ፍጥነት ቢቀንስ፣ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሊያቅተው ይችላል። የተረዳው ግን የመለኪያውን ንባብ ጠብቆ ረዘም ላለ ማቆሚያ ይዘጋጃል።

ምን ይደረግ? አሠልጣኞች «ምን ታደርጋለህ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ለምን?» የሚለውንም ይጠይቁ። ሠልጣኙ ከእያንዳንዱ መነሣት በፊት የመንደርደሪያውን ቁጥርና የኮምፓሱን ንባብ ድምፁን አሰምቶ ይናገር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስህተቱን የተናገረ ሠልጣኝ አይዋረድ። ናሳ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በሚያስተዳድረው ሥርዓት የአሜሪካ አብራሪዎች ስህተታቸውን በምስጢር ይገልጻሉ፤ ስማቸው ተነሥቶ ትምህርቱ ለሌሎች ይተርፋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ብሂላችንም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ተማሪዎቻችን ሆይ! ቀመርን በቃል ይዞ ፈተና ማለፍ ይቻል ይሆናል። በመንደርደሪያ ላይ ግን ፈታኙ ተፈጥሮ ራሷ ናት፤ የእርማት ዕድል የምትሰጠውም ሁልጊዜ አይደለም። ስለዚህ ማንኛውንም ቁጥር ስታዩ «ይህ ምንን ይለካል?» ብላችሁ የመጠየቅን ልማድ ዛሬውኑ፣ በክፍላችሁ ውስጥ ጀምሩ።