የጓሳው ቀይ ቀበሮና የደጃችን ውሻ



ባለፈው ሰሞን ከተማሪዎቻችን አንዱ ከውጭ አገር መጽሔት የተቀደደ ሥዕል ይዞ መጣ። በሥዕሉ የሚታየው ውሻ ጥጃ የሚያህል፥ ራሱ ትልቅ፥ ከንፈሩ የተንጠለጠለ፥ ዐይኑ ግን የዋህ ነበር። ይህ ሳን በርናር የሚባለው ውሻ ነው። በስዊስና በኢጣልያ ወሰን ባለው በረዷማ የተራራ መተላለፊያ የሚኖሩ መነኮሳት ለብዙ ዘመን ሲያረቡት ነበር፤ በበረዶ የተቀበረ መንገደኛም ይፈልጉበት ነበር። ክብደቱ ከ60 ኪሎ ይበልጣል። ልጁም፥ «የኔታ፥ በእኛ አገር እንዲህ የሚያስደንቅ ውሻ የለምን?» ሲል ጠየቀን።

እኛም፥ «የውሻ ዘመድስ አለ፤ ነገር ግን ግዙፍ አይደለም። አንተም ጎረቤቱ ነህ» ብለን መለስንለት። ይኸውም ቀይ ቀበሮ ነው። ለልጁ የነገርነውን ለእናንተም ልንጽፍላችሁ ወደድን፤ በነገሩ ውስጥ የእንስሳውም የልጆቻችንም ሕይወት አለበትና።

መጀመሪያ መልኩን እንመልከት። ጠጕሩ እንደ ቀይ አፈር የቀላ ነው፤ ጕሮሮው፥ ደረቱና ሆዱ ነጭ ነው። እግሩ ረዥም፥ አፍንጫው ቀጭንና ሹል፥ ጆሮው ቀጥ ያለ ነው። ጅራቱ ወፍራም ሆኖ ጫፉ ይጠቍራል። ወንዱ ከ14 እስከ 19 ኪሎ ይመዝናል፤ ሴቲቱ ከዚህ ታንሳለች። ስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ፥ ሊቃውንት በዘር ምርመራ እንዳረጋገጡት፥ የሚዛመደው ከቀበሮ ወገን ይልቅ ከተኵላና ከውሻ ጋር ነው። ከኢትዮጵያም በቀር በዓለም በየትም አይገኝም።

ጠባዩም ከመልኩ ያላነሰ ያስደንቃል። የሚኖረው በማኅበር ነው፤ የሚያድነው ግን ለየብቻው ነው። ማልዶና ሲመሽ ይሰበሰባሉ፤ ሰላምታ ተለዋውጠው የግዛታቸውን ወሰን አብረው ይዞራሉ። ከማኅበሩ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት እመቤት ብቻ ስትሆን፥ የቀሩት ምግብ እያመጡ ቡችሎቿን ያሳድጋሉ፥ ይጠብቃሉም። ሌሊት በውርጭ መካከል ተጠቅልሎ፥ አፍንጫውን ከጅራቱ ሥር ሸሽጎ ሜዳ ላይ ያድራል። አልፎ አልፎ ጠቦት ቢነጥቅም ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው።

ልጆች ሳለን በግ ስንጠብቅ ይህን እንስሳ በጭላዳ መንጋ መካከል ቀስ ብሎ ሲመላለስ ብዙ ጊዜ አይተነዋል። ጭላዳውም አይሸሸውም፤ እርሱም የጭላዳውን ግልገል ቸል ብሎ መሬት መሬቱን ያሸት ነበር። በጓሳ የተደረገና በ2007 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መካከል ሆኖ ሲያድን ከመቶ ሙከራው 67ቱ ይሠምርለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25ቱ ብቻ። እኛ ግን ይህን ሰላም ባየን ቍጥር ውሻችንን «ጃስ!» እያልን እንለቅበት ነበር። ያን ጊዜ ጭላዳው ወደ ገደሉ ይወርዳል፤ ቀይ ቀበሮውም ይሮጣል፤ እኛም እንስቃለን። ዛሬ ስናስበው ያሳፍረናል።

ውሻን ለመንቀፍ ይህን አልጻፍንም። በደጋው ብርድ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ አድሮ በረቱን ከጅብ የሚጠብቅልን እርሱ ነው። በመጽሐፈ ጦቢትም ጦብያን በመንገዱ የተከተለው ውሻ ስሙ በደግ ተነሥቶለታል። ነገር ግን ዘመድነት መልካም ብቻ አያመጣም፤ ውሻ የሚታመምበት በሽታ ቀይ ቀበሮንም ይገድላል። በ1996 ዓ.ም. በባሌ የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች ተላልፎ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራት ሦስቱን ያህል ፈጅቷል። ዛሬ በመላው ኢትዮጵያ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም፤ ከጎጃም ጮቄና ከጉና ተራራ ፈጽመው ጠፍተዋል። በጓሳ ያሉትም በጥቂት ዐሥሮች የሚቈጠሩ ናቸው። እንዲህ ላለ ጥቂት ወገን አንድ የታመመ ውሻ ብቻውን ይበቃዋል።

ይኸው በሽታ ሰውንም አይምርም። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ አስቀድሞ ግን መከላከል ይቻላል። ልጅ በውሻ ቢነከስ ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፥ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ክትባቱን ማስጀመርና እስከ መጨረሻው ማስፈጸም ይገባል። ወደ ጠበል የሚወስድ ወላጅ ይውሰድ፤ ነገር ግን ስለ ጠበሉ ብሎ ክትባቱን አያስቀር። ሐኪምንም ጥበቡንም የሰጠ እግዚአብሔር ነውና።

አባቶቻችን ራስን መግዛት ያውቁ ነበር። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ፥ አስቦና ጌራ ከተባሉት አባቶች በወረደው ሥርዓት፥ የጓሳ ሣር ለ3 እና ለ5 ዓመት ያህል ይከለከል ነበር። ሲከፈትም ለቤት ክዳንና ለገመድ ሣሩ በሥርዓት ይታጨድ ነበር። ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን ቈይቶ በአዲስ መልክ አቆመው፤ ጓሳም ዛሬ በሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። 3,200 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ ባለው በዚያ ደጋ፥ በጅብራውና በጓሳው ሣር መካከል ቀይ ቀበሮ እስከ ዛሬ መገኘቱ የዚያ ጥበቃ ፍሬ ነው።

እንግዲህ ሣሩን መጠበቅ የቻለ ሕዝብ ውሻውን መጠበቅ ያቅተዋልን? ወላጆች ሆይ፥ ውሻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ። ከበረት አልፎ ወደ ጓሳ እንዳይዘልቅ እሰሩት፤ አብሉትም፤ የተራበ ውሻ ይባዝናልና። ለማሳደግ የማትችሉትን ቡችላ በሜዳ አትጣሉ። እረኛ ልጃችሁንም ያለ ምክንያት «ጃስ!» ከማለት ከልክሉት።

ሥዕሉን ያመጣው ልጅ ነግረነው ስንጨርስ ጥቂት ዝም ብሎ፥ «የእኛ ውሻ አልተከተበም» አለን። እኛም፥ «ዛሬ ማታ ለአባትህ ንገረው» አልነው። እናንተም ይህን ካነበባችሁ በኋላ በደጃችሁ የተኛውን ተመልከቱ፤ ያ ልጅ የተናገረው ለእናንተም እንደ ሆነ ነገ አትበሉ።