ካሳ ለጌቶች

አራት ሴቶች አንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለን፣ ፈንዲሻ ታቅፈን የ2019ኙን የ«ዳውንተን አቢ» ፊልም እያየን ነበር (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ንጉሡና ንግሥቲቱ የተገኙበት ትልቅ የዳንስ ግብዣ አለ። ግብዣው የሚደረገው የንጉሡ ልጅ ልዕልት ሜሪ በተዳረችበት ቤት፣ በሃርውድ ሃውስ ነው። ቤቱ ከሩቅ ብቅ ሲል አንዷ ጓደኛዬ «ወይኔ! ሰው ካገባ አይቀር እንዲህ ያለ ቤት ነው መግባት» አለች። እኔም አፌ አላርፍ ብሎኝ «በአገዳ የተሠራ ነው እኮ» አልኳት።

«ማለት?»

«ማለትማ፣ በባርቤዶስ ባሪያዎች ጉልበት።»

ከዚያ በኋላ የወረደብኝን አልነግራችሁም። በአጭሩ ፊልሙን አበላሽታለች ተብዬ ተወገዝኩ። እንግዲህ እዚያ ያላስጨረሱኝን እዚህ ልጨርሰው።

ሃርውድ ሃውስ ልብ ወለድ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ፣ ዮርክሽየር፣ ከሊድስ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኝ ቤት ነው። ባለቤቶቹ የላሰልስ ቤተሰብ ናቸው። ልዕልት ሜሪም በእውን፣ በ1922፣ ያገባችው የዚህን ቤት ወራሽ ነው። ፊልሙ ትዳሯ እንዴት እንደከበዳት ልባችን እስኪነካ ይነግረናል። ቤቱ በማን ገንዘብ እንደቆመ ግን ትንፍሽ አይልም።

እውነተኛው ታሪክ የሚጀምረው ከጉምሩክ ነው። ሄንሪ ላሰልስ የሚባል ሰው በ1715 ባርቤዶስ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ ሰብሳቢ ሆነ። (ጉምሩክ ተሹሞ የደኸየ ሰው የምታውቁ እጃችሁን አውጡ።) ጎን ለጎን ስኳር ነገደ፣ በባሪያ ንግድ ውስጥ ገባ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አበዳሪ ሆነ። ለአገዳ እርሻ ባለቤቶች ያበድራል፤ መያዣው መሬቱና መሬቱ ላይ የሚሠሩት ሰዎች ናቸው። አዎ፣ ሰዎች! ልክ እንደ በሬና እንደ ማረሻ ተቆጥረው። ተበዳሪው መክፈል ሲያቅተው እርሻው ከነሰዎቹ ለአበዳሪው ይተላለፋል። በዚህ መንገድ ቤተሰቡ ከ1773 እስከ 1787 ባሉት ዓመታት በባርቤዶስ፣ በጃማይካ፣ በግሬናዳና በቶቤጎ ወደ 11 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ መሬት እጁ ገባ።

ልጁ ኤድዊን ደግሞ አባቱ በገዛው የዮርክሽየር መሬት ላይ በ1759 ቤቱን ጀመረ፤ በ1771 ገባበት። ንድፉን ጆን ካር፣ የውስጡን ጌጥ ሮበርት አዳም፣ መስኩንና ሐይቁን «ኬፕቢሊቲ» ብራውን ሠሩለት። የቤት ዕቃውን የሠራው ቶማስ ቺፕንዴል ነው፤ በሕይወቱ ካገኘው ሥራ ሁሉ ትልቁ የሃርውድ ነበር። ጓደኞቼ «ውበቱን ከገንዘቡ ለይተሽ እዪው» ያሉኝ እዚህ ጋ ነው። እንዴት አድርጌ? ቺፕንዴል በነጻ አልሠራ። ሐይቁ ከሰማይ አልወረደ። እያንዳንዱ ወንበር ደረሰኝ አለው፤ የደረሰኙ ጫፍ ሲጎተት የሚወጣው የአገዳ ማሳ ነው።

«በዘመኑ ሕጋዊ ነበር» የሚለውን መልስ ደግሞ በጣም ነው የምጠላው። የዘመኑ ሰዎች ራሳቸው ሳይስማሙበት እኛ ምን አግብቶን እንስማማላቸዋለን? በ1807 ፓርላማው የባሪያ ንግድን አገደ። በዚያው ዓመት ዮርክሽየር ላይ ምርጫ ነበር፤ ለሁለት ወንበር ሦስት ተፎካካሪዎች ቀረቡ። አንዱ የባሪያ ንግድን በማስቆም ስሙ የሚነሳው ዊልያም ዊልበርፎርስ ነው። ሌላው ከሃርውድ ቤተሰብ የሆነው ሄንሪ ላሰልስ (የቤተሰቡን የቆየ ስም ነው የያዘው)። የቤተሰቡ የባሪያ እርሻ በምርጫ ቅስቀሳው መሐል አደባባይ ወጥቶ ተወቀሰበት። ላሰልስ እንደ ጉድ ገንዘብ ረጭቶም ተሸነፈ። ስለዚህ አላወቁም፣ አልገባቸውም አትበሉኝ። መራጩ ሳይቀር ገብቶት ነበር።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። በ1833 እንግሊዝ በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን የሚሽር ሕግ አወጣች። ሕጉ ካሳ ነበረው፤ 20 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ከመንግሥት የዓመት ወጪ 40 በመቶ ገደማ። ካሳው ለማን ይመስላችኋል? ለባለቤቶቹ! ንብረታችሁን ስለወሰድንባችሁ ይቅርታ ተብለው። ያ በምርጫ የተሸነፈው ሄንሪ ላሰልስ፣ ያኔ የሃርውድ ሁለተኛው ኧርል ሆኗል፣ ለ1,277 ሰዎች ከ26 ሺህ ፓውንድ በላይ ተቀበለ። አካፍዬ አየሁት፤ በአንድ ሰው 20 ፓውንድ ገደማ ይመጣል። 1,277ቱስ? አምስት ሳንቲም አልደረሳቸውም። እንዲያውም «ተለማማጅ» የሚል ስም ወጥቶላቸው እስከ 1838 ለእነዚያው ጌቶች ያለ ደሞዝ ሠሩ። ሕይወቱን ሙሉ አገዳ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ምን ሊለማመድ ነው?

«በቃ ሁለት መቶ ዓመት ሆነው» ትሉኝ ይሆናል፤ ጓደኞቼም ብለውኛል። ቤተሰቡ ባርቤዶስ ላይ የቀረውን እርሻ የሸጠው በ1975 ነው። እናቶቻችን ያኔ ትምህርት ቤት ነበሩ። መንግሥት ለዚያ ካሳ ብሎ የተበደረው ብድር ደግሞ ከሌሎች ዕዳዎች ጋር ተቀላቅሎ ሲንከባለል ኖሮ ጨርሶ የተዘጋው በ2015 ነው። ከካሪቢያን ሄደው ለንደን ውስጥ አውቶቡስ የነዱ፣ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት ያደሩ ሰዎች ከሚከፍሉት ግብር ላይ ለአያቶቻቸው ጌቶች የተከፈለው ዕዳ ይቀነስ ነበር ማለት ነው። ይሄንን ሳነብ ሁለት ጊዜ ነው የደገምኩት።

አንዷ «በእኛም አገር ባሪያ ነበር» አለችኝ። ነበር። በአዋጅ የተከለከለው በ1942 ነው፤ እሱም ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ ለላሰልሶች ማምለጫ ግን አይሆንም።

ለፍርድ እንዲመች አንድ ነገር ልናገር። የዛሬው የቤቱ ጌታ ዴቪድ ላሰልስ፣ ስምንተኛው ኧርል፣ ታሪኩን አልደበቀም። በ2023 የባሪያ ባለቤቶች ዘሮች ካሳን ለመደገፍ ባቋቋሙት ማኅበር ውስጥ ከመሥራቾቹ አንዱ ነው። ሌላም ዴቪድ አለ። «ሆምላንድ» ላይ የሲአይኤ አለቃ ሆኖ የምታውቁት ተዋናይ ዴቪድ ሃርውድ። ስሙ ከቤቱ ጋር የገጠመው በአጋጣሚ አይደለም፤ ቅድመ አያቶቹ ባርቤዶስ ውስጥ የሁለተኛው ኧርል ባሪያዎች ነበሩ። በ2023 የእሱ ፎቶ በዚያው ቤት፣ የጌቶቹ ሥዕሎች ባሉበት ተሰቀለ። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን ፎቶ ካሳ አይደለም፤ ደግሞም የአንድ ኧርል በጎ ፈቃድ የመንግሥትን ዕዳ አይከፍልም።

መንግሥት ምን አለ? የካሪቢያን አገሮች በጋራ የካሳ ኮሚሽን ያቋቋሙት በ2013 ነው። በ2023 ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ፓርላማ ውስጥ ተጠይቀው ይቅርታውንም ካሳውንም እንቢ አሉ። በ2024 ደግሞ ኪር ስታርመር ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ማየት ይሻላል የሚል መልስ ሰጡ። ለጌቶቹ 180 ዓመት ሙሉ ወደ ኋላ እያየ ሲከፍል የኖረ ግምጃ ቤት አንገቱ የታመመው ተራው የባሪያዎቹ ልጆች ሲሆን ነው።

ቅዳሜ ሌላ ፊልም ልናይ ተቀጣጥረናል። መራጯ እኔ አይደለሁም፤ አፌን እንድዘጋም አስምለውኛል።