ጳጉሜን የማያውቅ አፕ የማን ነው?

ወገን፣ ስማኝ! እኔም እንዳንተ ኮድ ጸሐፊ ነኝ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ጃቫስክሪፕት እንኳ 13 ወራችንን ያውቃል። ታዲያ አዲስ አበባ ቁጭ ብለን የሠራነው አፕ ጳጉሜን 3 የተወለደን ልጅ «ስህተት» የሚለው ለምንድነው? እናትህን በአያትህ ስም «እንኳን ደህና መጣህ፣ ከበደ» የሚላትስ? ፈረንጅ አይደለም ጥፋተኛው፤ እኛው ነን! የሰው አገር ፎርም ኮፒ አድርገን፣ ቀለሙን ቀይረን «የአገር ልጅ ሥራ» እንላለን።

ከውጭ ሰው ጋር ስትሠራ ባህሉን አክብር፤ የራስህንም ሳታፍር አስረዳ። ዛሬ ማታ የሠራኸውን ፎርም ክፈትና ጳጉሜን 5 ብለህ ሞክረው። እምቢ ካለህ ሳትተኛ አስተካክል። ፕሮፋይል ላይ ባንዲራ መለጠፍ ብቻውን አገር አይሠራም!