ሰነዱ ተፈረመ፤ ማሽኑስ?

ዩኒቨርሲቲና ኢንዱስትሪ የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረሙ በቴሌቪዥን ማየት ለምደናል። ባነሩ ላይ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚል ቃል ካለበት ደግሞ ጭብጨባው ይደምቃል። ለመሆኑ ሰነዱ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ፋብሪካ ሲገባ ያየ ማን ነው?

ነገሩን ከአዲስ አበባው መሪ ሰፈር እንጀምረው። ከአያት ተነስቶ በመሪ በኩል ወደ መሀል ከተማ የሚዘልቀው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ለከተማዋ ሁለት የቀላል ባቡር መስመሮች 41 ባቡሮች ተገዝተው ነበር፤ ዓመታት ሲያልፉ አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሻጮች ለፋብሪካ መጀመሪያ የሚያቀርቡት ተስፋ የትኛው ነው? የማሽኑን ንዝረትና ሙቀት አዳምጦ ከመበላሸቱ በፊት ማስጠንቀቅ። ጥሩ። የባቡሩ ኩሽኔታ በሚቀጥለው ወር እንደሚያልቅ ኮምፒውተሩ ነገረን እንበል፤ መለወጫው በምን ምንዛሪ ይገዛል? አምስት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የአፍሪካ የባቡር ልህቀት ማዕከል አለው። ያ ኩሽኔታ እዚሁ እንዲሠራ አምስት ኪሎን፣ የባቡር ዴፖውንና አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ የሚያገናኝ ውል ከማንኛውም ሶፍትዌር አይቀድምም ነበር?

ወደ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንለፍ፤ ከመሪ ሩቅ አይደለም። በልብስ ስፌት ላይን መጨረሻ ላይ የምትቆመውን የኳሊቲ ሠራተኛ አስቧት። ሸሚዙን ትገለብጣለች፣ ስፌቱን በጣቷ ትከተላለች፣ ክር የዘለለበት ቦታ ላይ ቀስት ያለባት ትንሽ ስቲከር ትለጥፍና ለጥገና ትመልሰዋለች። ከዚያ ወረቀቷ ላይ ጭረት ታክላለች። ሌላ አገር ይህን ሥራ ካሜራ እየተረከበው ነው። ካሜራው ግን የሚማረው ከምንድን ነው? ጉድለታቸው ከተለየ ብዙ ሺህ ፎቶዎች። የእሷ ስቲከሮች እኮ ያ ትምህርት ናቸው! ማታ ወረቀቱ የት ይሄዳል? ማን ይቆጥረዋል? መረጃውስ የማን ነው፤ የፋብሪካው፣ የውጭ አገር ገዢው፣ የዩኒቨርሲቲው ወይስ የልጅቷ?

ሌላም አለ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት መሠረት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚህ ደመወዝ ዓይንና ጣት የሚከራይ ባለሀብት በየትኛው ስሌት ካሜራ ይገዛል? ደመወዙ ሲያድግ ይገዛ ይሆናል። ያኔስ ለልጅቷ ምን አዘጋጅተንላታል? ባየኋቸው የፊርማ ዜናዎች ውስጥ እሷን የጠቀሰ አንድም የለም።

ዩኒቨርሲቲውንም እንጠይቀው። የምህንድስና ተማሪ አንድ ሴሚስተር ለተግባር ልምምድ ኢንዱስትሪ ይላካል። ስንቱ ነው ማሽን ነክቶ የሚመለሰው? ስንቱስ ኮፒ ሲያደርግ ከርሞ፣ ማንም የማያነበው ሪፖርት አስጠርዞ ይመረቃል? መምህሩ በጆርናል ጽሑፍ እድገት ያገኛል፤ የቆመ ማሽን አስነስቶ የሚያድገው መቼ ነው? የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ተመራማሪ በሩ ላይ ሲቆም የብልሽት መዝገቡን እንደ ወታደራዊ ምስጢር ይደብቃል፤ ግማሹ ደግሞ መዝገቡ ራሱ የለውም።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተቋም በ2012 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ብሔራዊ ፖሊሲው በ2016 ጸደቀ፤ በዚያው ሰሞን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተጀመረ። እነዚህን አልነቅፍም፤ ያስፈልጋሉ። ፋብሪካው ወለል ላይ ካልደረሱ ግን ላም አለኝ በሰማይ ናቸው።

ቀጣዩን ሰነድ የምትፈራረሙ ሆይ፣ ሦስት ነገር ጻፉበት፦ የትኛው ማሽን ወይም የትኛው ጉድለት እንደሆነ፣ መረጃው የማን እንደሆነ፣ በስንት ወር ውስጥ ምን ያህል ብልሽት እንደሚቀንስ። ጊዜው ሲደርስ ውጤቱን፣ ከሽፎም ቢሆን፣ በዚያው ቴሌቪዥን ንገሩን።