ልጅዎ «ስኪን ግዙልኝ» ሲል ምን እየጠየቀ ነው?

ነገሌ ቦረናም ይሁን ያቤሎ፣ ሜጋም ይሁን ሞያሌ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ልጆች ጥላ ፈልገው አንድ ስልክ ከበው ቢያዩ አይገረሙ። ፍሪ ፋየር፣ ፐብጂ ወይም ሮብሎክስ እየተጫወቱ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ቆይቶም ጥያቄው ቤት ይገባል፤ «እማዬ፣ ስኪን ግዢልኝ!»

ስኪን ማለት በጨዋታው ውስጥ ልጁን የሚወክለው ምስል፣ ማለትም አቫታሩ፣ የሚለብሰው ልብስ፣ ጸጉርና ጌጥ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ለሁሉም በነጻ የሚሰጥ ተራ መልክ አለ። ከዚያ ያለፈው ይሸጣል። አብዛኛውን ጊዜ ልብሱ ለተጫዋቹ ጉልበት አይጨምርም፤ የሚጨምረው መታየትን ነው። ወላጅ «የማይለበስ ልብስ በብር ይገዛል እንዴ?» ብሎ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ነገር ግን ልጁ የጠየቀው ጨርቅ አይደለም።

በእንግሊዝ የሕፃናት ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ10 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው 29 ልጆች ስለ ጨዋታ ተጠይቀው ነበር። ነጻውን መልክ ይዞ የሚጫወት ልጅ «ዲፎልት» እየተባለ እንደሚሾፍበት ተናግረዋል። ድሃ ነህ፣ አልገባህም፣ ከእኛ አይደለህም እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ልጅዎ ስኪን ሲጠይቅ «ከጓደኞቼ በታች አታድርጉኝ» እያለም ሊሆን ይችላል።

መልክ ስለ ሰው ቦታ እንደሚናገር ለቆላው ሕዝብ ማስረዳት አያስፈልግም። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የኦሮሞ ገዳ ሥርዓት በቦረና ዛሬም ሕያው ነው። ደበሌ በሚባለው የመጀመሪያ እርከን ያለ ወንድ ልጅ ጸጉሩ እንደ ሴት ልጅ ያድጋል፤ እርከኑን ሲሻገር በሥርዓት ይቆረጣል። ያላገባች ልጃገረድ መሃል አናቷን ትላጫለች፤ ስታገባ ጸጉሩ አድጎ ይሠራል። ያየ ሁሉ ልጁ የት እንደደረሰ፣ ልጅቷም ምን ላይ እንዳለች ያውቃል። ያንን መልክ ግን ከገበያ ማንም አይገዛውም። በዕድሜ፣ በተራ፣ በሥርዓት ይደረስበታል፤ ሲደረስበትም ቤተሰብና ጎረቤት አብሮ ይቆማል። በስልኩ ውስጥ ያለው መልክ ግን ብር ያለው ዛሬውኑ ይለብሰዋል፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሌላ ፋሽን ይመጣና ያረጃል። ልጆቻችን በሁለቱ መካከል እያደጉ ነው።

መልኩ በልጁ ላይ ምንም አያመጣም ማለትም አይቻልም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኒክ ዪ እና ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ረጅም አቫታር የተሰጣቸው ሰዎች በገንዘብ ድርድር ላይ አጭር ከተሰጣቸው ይልቅ ጠንከር ብለው ተከራክረዋል። የለበስነው ምስል ጠባያችንን ይነካል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ጨዋታዎቹ ዋጋቸውን በብር አይነግሩም። መጀመሪያ ብሩ ወደ ሮበክስ ወይም ወደ ዳይመንድ ይቀየራል፤ ከዚያ ልብሱ ይገዛል። በዚህ መሃል ልጁ ስንት እንዳወጣ ይጠፋዋል። ብዙውን ጊዜ ጥቅሉ ከልብሱ ዋጋ ስለሚበልጥ ትራፊ ይቀራል፤ ትራፊው ደግሞ ሌላ ግዢ ይጠራል። ምን እንደሚወጣ ሳይታወቅ የሚከፈት ሣጥንም አለ፤ ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን ዓይነቱን ሽያጭ ቁማር ነው ብላዋለች። የፎርትናይት ባለቤት ኤፒክ ጌምስም በልጆች መረጃ አያያዝና ተጫዋቾችን ሳያስቡት በማስከፈል ተከሶ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በአጠቃላይ 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተስማምቷል።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድ በየቤቱ ስለሌለ፣ ልጆች በቴሌግራም ሻጭ ፈልገው በቴሌብር ይከፍላሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለፍሪ ፋየርና ለፐብጂ ዳይመንድ ወይም ዩሲ ለመሙላት የተጫዋቹ መለያ ቁጥር ብቻ ይበቃል። ሻጩ የይለፍ ቃል ወይም በአጭር መልእክት የመጣ ኮድ ከጠየቀ፣ ግዢው እዚያው ይቁም። የቴሌብር ምስጢር ቁጥርዎንም ለልጅዎ አይስጡ፤ ክፍያውን ራስዎ ይፈጽሙ።

ልጅዎ ሲጠይቅዎት ከ«አይሆንም» በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁት። «ማን እንዲያይልህ ነው? በብር ስንት ነው? የዛሬ ወር ትፈልገዋለህ?» ሾፈውበት ከሆነ መልሱ ውስጥ ይወጣል፤ እሱን ማወቅ ከልብሱ ይበልጣል። ለመግዛት ከተስማሙ ዋጋውን ወደ ብር ቀይሮ በደብተር ይጻፈው፤ ከኪስ ገንዘቡ ያጠራቅም፤ አንድ ሳምንት ይጠብቅ። በእንስሳት ገበያ ያደገ ልጅ ዋጋ ማነጻጸር አያቅተውም። ያ ልብስ የስንት ሊትር ወተት ዋጋ እንደሆነ ራሱ ያስላው።

ከመግዛት ሌላም መንገድ አለ። ሮብሎክስ ላይ ተጫዋች ራሱ የሸሚዝ ንድፍ መሥራት ይችላል፤ ንድፉን ለመጫን የሚከፈለውም ብዙ አይደለም። ልጅቷ የአያቷን ጨሌ ቀለማት አጥንታ ለአቫታሯ ሸሚዝ ብትሥል፣ ስለ እያንዳንዱ ቀለም አያቷን መጠየቋ አይቀርም። ያን ጊዜ «ከየት ገዛሽው?» ላላት ጓደኛዋ «ራሴ ሠራሁት» የምትለው መልስ ይኖራታል።